ሙሽራው ያስገጠመው ሰፊ ጎማ

የመኪና ጎማ ሲሰፋ ማዕረግም አብሮ የሚሰፋ የሚመስለው ሰው አያውቁም? እኔ አንድ አለኝ፤ ጅጅጋ ልብስ የሚነግደው ወዳጄ አብዲ። ለሠርጉ ብሎ ትንሿ መኪናው ላይ ሰፊ ቸርኬና ጎማ አስገጠመላት። ክብደት ተሸክሞ የሚይዛትን ሞላዋን ግን አልነካውም።

ባዶዋን ስትሄድ አንበሳ ነበረች። በሠርጉ ዕለት ሙሽሪት ሆዳንን፣ አክስቷንና እኔን ጭኖ የካራማራን ዳገት ሲጀምር ግን መኪናዋ ከክብደት ዝቅ አለችና ጎማው ከላዩ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ እየፋቀ ጮኸ። አጃቢዎቹ ቀድመውናል።

«ምንድን ነው የሚሸተው?» አሉ አክስቲቱ።

«አዲስ ጎማ እንዲህ ነው፣ እናቴ» አለ አብዲ።

እኔ ወረድኩ፤ ፋቀ። አክስቲቱ ወረዱ፤ አሁንም ፋቀ። ሆዳን ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «ወላሂ፣ ከሁላችን የምትከብደው አንተ ነህ። ውረድ!» አለችው።

ቬሏን ሰብስባ መሪውን ያዘች። ቀጭኗን አክስቷን መልሳ አሳፈረች። ጎማው ጸጥ! እኛ ከኋላ ሮጥን፣ ደከመን፣ በመጨረሻ ፍየል የጫነ መኪና አዘነልን።

አዳራሹ በር ላይ ሆዳን ቆማ ትጠብቃለች። አብዲ ከፍየሎቹ መሀል ከረባቱን እያስተካከለ ሲወርድ ስታይ ወደ እንግዶቹ ዞረች።

«እልል በሉ እንጂ፣ ሙሽራው መጣ!»