ጽዋው የገባበት ባንክ

ሕዝብን በግድግዳ ላይ ብቻ የሚወድ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ አውቃለሁ፤ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው። የከተማችን ግብር የሚቀመጠው እሱ ባንክ ነው። ግድግዳው ላይ በትልቁ «ማኅበራዊ ኃላፊነታችንን እንወጣለን» ተብሎ ተጽፏል።

ጎረቤቴ ዘሀራ ከደቅ ደሴት በጀልባ የሚመጣላትን ዓሣ ትሸጣለች። ዓሣው እየተበላሸባት ንግዱን ልትተወው ደርሳለች። ለማቀዝቀዣ መግዣ ብድር ብትጠይቅ ሥራ አስኪያጁ «የቤት ካርታ አምጪ» ብሎ መለሳት። ካርታ ከየት ታመጣለች? የምትኖረው በኪራይ ነው። ስለዚህ ይዣት ባንኩ ሄድሁ።

«ልጄ፣ ይኸ ማኅበራችሁ የማርያም ነው የሚካኤል?» አልሁት የግድግዳውን ጽሑፍ እያሳየሁ።

«እማማ፣ የጽዋ ማኅበር አይደለም እኮ!» ብሎ ሳቀ። «ለኅብረተሰቡ ማለት ነው። ዘንድሮም ካላንደር አድለናል።»

«እኛ ዘንድ ጽዋውን የወሰደ ይደግሳል እንጂ በሩ ላይ ቆሞ ካርታ አይጠይቅም። የሁላችንን ግብር ይዛችኋል፤ ጽዋው እናንተ ቤት ነው። መንግሥት ገንዘቡን ሲሰጣችሁ ይኸን አልነገራችሁም?»

ዘሀራ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ትስቃለች። እኔ ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። ተረኛው ቤት የመጣ ማኅበርተኛ ሳይስተናገድ ይነሣል እንዴ?

ከኋላችን ወረፋ የሚጠብቀው ሰልፈኛ «እውነታቸውን ነው!» ሲል ሥራ አስኪያጁን አላበው።

«እሺ፣ በካርታው ፋንታ ሁለት ዋስ ይዛ ሐሙስ ትምጣ፤ እናበድራታለን።»

«አንዷ እኔ ነኝ» አልሁ። ከሰልፉም አንድ መምህር እጁን አወጣ።

ሲሸኘን ካላንደር ሰጠኝ። እዚያው ሐሙስን በእስክርብቶ ከበብሁና እሱኑ አስፈረምሁት። ካላንደሩ ገና ዛሬ ሥራ አገኘ።