የእድሩ አምፕሊፋየር እኛ ቤት

እስቲ ልጠይቃችሁ። ቤታችሁ ያለው ቴሌቪዥን ዜና ሲያነብ እግራችሁን ይኮረኩራችኋል? የኛ ይኮረኩር ነበር። ነበር ነው የምለው። አሁን እኔ ቤት ብዙ ነገር "ነበር" ሆኗል።

ባለቤቴ በቀለ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጆሮው ደከመ። ከጓዳ ስጠራው አይሰማኝም። ይሄ ከጆሮው ይሁን ከባልነቱ እስከ ዛሬ አልለየሁም። ወፍራም ድምፅ ግን በወለሉ በኩል ይደርሰዋል። ይህን ያየች ልጃችን ሰላም ከድሬዳዋ ሰብዉፈር አመጣችለት። ጉም ጉም የሚለውን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ፣ በርጩማ የሚያህል ጥቁር ሣጥን። በቀለ ጫማውን ያወልቅና እግሩን እላዩ ላይ ይሰቅላል። "አሁን ሰማሁ" ይላል። እኔም ከጎኑ እሰቅላለሁ። ሁለት ያረጁ ሰዎች ዘፈን በእግራቸው ሲሰሙ አስቡት።

ምን ዋጋ አለው፣ ብዙ ሳንቆይ መብራት ሄደ። መሄዱስ ባልከፋ። ሲመጣ ነው ጉዱ፤ እንደ ሰከረ እንግዳ በሩን በርግዶ ነው የሚገባው። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ማጉያ ተቃጠለ። ከጀጎል ግንብ ውጭ ሱቅ ያለው ጠጋኝ ሙክታር ከፍቶ አየውና ድምፅ ማውጫው ደህና ነው፣ የሞተው እሱን የሚገፋው ማጉያው፣ አምፕሊፋየሩ ነው አለን። ሌላ ትርፍ አምፕሊፋየር ካላችሁ ከውጭ እሰሩለት፣ ይሠራል አለ። ማን ቤት ነው ትርፍ አምፕሊፋየር የሚገኘው?

እኛ ቤት። በቀለ የእድራችን ንብረት ያዥ ነበር። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚው፣ ሁሉም የእኛ ጓዳ ውስጥ ነው። እድሩ አዲስ አምፕሊፋየር ከገዛ ወዲህ አሮጌው እዚያው ተቀምጧል። ጎኑ ላይ የእድሩ ስም በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። በቀለ "ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት" እያለ አቧራውን ጠረገለት። ከሣጥኑ ጀርባ ሁለት ሽቦ አውጥቶ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አሰረ። ሙክታር አደራ ያለው ነገር ነበር። ሲግል አሳርፈው፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያስቀር ማጣሪያ ስለሌለው ደግሞ የቀጭኑን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ዝጋው ብሎታል። በቀለ ዘጋው። እግራችንም ሥራ ጀመረ።

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ታደሰ ነገሩን ሲሰሙ ተቆጡ። ለለቅሶ የተገዛ ዕቃ እንዴት ዘፈን ይዘፈንበታል አሉ። በቀለ ደግሞ ለለቅሶ የተገዛ ድስት የሰርግ ወጥ ሲሠራበት ስንት ጊዜ በልተዋል ብሎ መለሰላቸው። ሳቁ መሰለኝ። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ሰው የሞተ ዕለት ግን ሳይጠየቅ ነቅሎ ያስረክባል።

አዲሱ አምፕሊፋየር ደግሞ ስሙ አዲስ ነው እንጂ ዕድሜውን የጨረሰው ሙክታር ሱቅ ነው። ስለዚህ ሰው በሞተ ቁጥር የእኛው ይወጣል። ይህን ከሁሉ ቀድመው የሚያውቁት ጎረቤታችን አዴ ሐሊማ ናቸው። ጀጎል ውስጥ ግድግዳ የጋራ ነው። የኛ ወፍራም ድምፅ የሚጮኸው በሳቸው ግድግዳ ነው። ግድግዳቸው ደግሞ እንደ ሐረሪ ቤት ወግ ከላይ እስከ ታች ሰሃንና ሞሰብ ተሰቅሎበታል። በቀለ ሲከፍት ሰሃኖቹ ይንጫጫሉ። ትልቁን ሰሃን ፈርተው አወረዱት። ይወቅሱናል፣ ይረግሙናል፣ ከዚያ ደግሞ ሳምቡሳ ይልኩልናል። ግድግዳው ዝም ያለ ቀን ግን ጡሩምባ ነፊው ሳይደርስ በር ላይ ይቆማሉ። "ማን ሞተ?" ይላሉ። የነሱ እድር፣ አፎቻ የሚሉት፣ የራሱ ወግ አለው፤ የኛን ሞት ግን የሚሰሙት ከሰሃናቸው ነው።

አንድ ጠዋት በቀለ ሞተ።

ስለዚህ ብዙ አልጽፍም። የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሊወስዱ መጡ። አንዱ ጎንበስ ብሎ አምፕሊፋየሩን አየና ቀና አለ። የትኛው ሽቦ የት እንደሚገባ አያውቅም። እንዳያበላሸው ፈርቶ እኔን ያየኛል። ነቀልኩት። ባሌን ለመቅበር የባሌን ጆሮ በእጄ ነቀልኩ። ቀና ስል አዴ ሐሊማ በሩ ላይ ናቸው። ያን ቀን ማን ሞተ ብለው አልጠየቁኝም። ገብተው ከጎኔ ተቀመጡ።

ሞት እንኳን በኛ ሰፈር ያለ ሳቅ አይሆንለትም። ለለቅሶ ሲወጣ የቀጭኑን ድምፅ ቁልፍ መልሶ የሚከፍተው በቀለ ነበር፤ ያን ቀን ማንም አላስታወሰውም። ጋሽ ታደሰ ድንኳኑ ውስጥ የሕይወት ታሪኩን ማንበብ ጀመሩ። "መምህር በቀለ" ሲሉ ድንኳኑ ጉም አለ። ቃል አይለይም። ሰውየው ራሱ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ የገዛ ታሪኩን የሚያነብ ይመስል ነበር። ጋሽ ታደሰ ሰው ያልሰማቸው መስሏቸው ጮክ አሉ። ባሰ። ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። እኔ ነጠላዬ ውስጥ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅሁ። ሴቶቹ ያለቀስኩ መስሏቸው በቃሽ፣ በቃሽ እያሉ ደገፉኝ። ከዚያ እውነትም አለቀስኩ። ይህን ሳቅ ቤት ስንገባ የምነግረው ለሱ ነበራ!

ሐዘን ቤት ዘፈን አይከፈትም። ዓመት ሙሉ አልተከፈተም። አምፕሊፋየሩም ከነድንኳኑ ወደ ጋሽ ታደሰ ቤት ሄደ። ሙት ዓመቱ ሲወጣ ጫማዬን አወለቅሁና እግሬን ሣጥኑ ላይ ሰቀልኩ። እንጨት ነው። ዝም ያለ እንጨት። ሰላም በስልክ አዲስ ድምፅ ማጉያ ልላክልሽ አለችኝ፤ በእጅ የምትያዝ ትንሽዬ አለች፣ ጥርት ያለች ናት አለች። ጥርት ያለ ድምፅ ምን ያደርግልኛል? እኔ የፈለግሁት ያንን እግር ሥር የሚሄደውን ጉምጉምታ ነው። እሱ ሲሄድ ከጎኔ ሁለት እግር ያለ ይመስለኛል። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እድሩ ሲሰበሰብ ሄድኩ። አሮጌውን አምፕሊፋየር አውሱኝ አልኩ። ጋሽ ታደሰ አንገታቸውን አከኩ። የእድር ንብረት ለግለሰብ አይሰጥም፣ ያለ ንብረት ያዥ እጅ አይቀመጥም፤ ንብረት ያዥ ደግሞ ከበቀለ ወዲህ ጠፍቷል አሉ። ጠፍቷል ሲሉ ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። ማን ይሁን? ሥራው ከሰፈር ሴት ሁሉ ጋር በጠፋ ሰሃን መጣላት ነው።

"እኔ እይዛለሁ" አልኩ።

ሴት ንብረት ያዥ አይተው አያውቁም።

"ዘኑ፣ ድንኳን ልትሸከሚ ነው?" አሉ ጋሽ ታደሰ።

"ድንኳን የሚሸከም ሞልቷል ጋሼ። እርስዎ ቁልፉን ይስጡኝ።"

ሰጡኝ። ውሉም ያው የበቀለ ውል ነው፤ ሰው የሞተ ዕለት ሳይጠየቅ ይነቀላል።

ሽቦውን ለማሰር ግማሽ ቀን ታገልኩ። መጀመሪያ እንደ ንብ ቀፎ እምም አለ። ኋላ ጉም አለ። ወዲያው ከግድግዳው ማዶ ኳኳታ ሰማሁ። አዴ ሐሊማ እየተነፈሱ መጡ። በቀለ ካረፈ በኋላ ትልቁን ሰሃን መልሰው ሰቅለውት ኖሯል።

"አንቺ፣ አሁን ደግሞ ላውርደው?" አሉኝ።

"ያውርዱት።"

"ያ አላህ" ብለው ተመለሱ። ማታውን ሳምቡሳ መጣ።

አሁን ታዲያ አዲስ ጣጣ አለብኝ። ድሮ ሰው ሲሞት ለሟቹ አዝን ነበር። አሁን ለሟቹም አዝናለሁ፣ ለእግሬም አዝናለሁ። ስለዚህ ሰፈሩን መጠበቅ ጀመርኩ። የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ግርማ ሲያስላቸው ዝንጅብል አፍልቼ የምሮጠው እኔ ነኝ። የደም ግፊት ያለባቸውን ሴቶች መድኃኒታችሁን ዋጣችሁ ወይ እያልኩ በየቤቱ እዞራለሁ። የባጃጅ ነጂውን ሚስት፣ ባሏን ቀስ ብለህ ንዳ እንድትለው አስምዬያታለሁ። ሰው ይገረማል። ቄሱ ባለፈው ሰንበት በስሜ ባይጠሩኝም እኔን ምሳሌ አድርገው ሰበኩ። ሐዘን ልብን ያለሰልሳል፣ ባሏን ያጣች ሴት የሰፈር ሁሉ እናት ሆነች አሉ። ሕዝቡ ዞሮ አየኝ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ምን ልበል?

ብቻ ሰሞኑን የጋሽ ታደሰ ፊት አላማረኝም። ነገ በጠዋት አጥሚት ይዤላቸው እሄዳለሁ።