ዓምድ ያልነበራት አክስት

በምድር ላይ መሥሪያ ቤት እስካለ ድረስ፣ ጥግ ይዞ የሰውን ልጅ ሁሉ ሰንጠረዥ ውስጥ ካልከተተ እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ሰው አይጠፋም። በነጻ ሕክምና ካርድ ቢሮ እኚህ ሰው «ክቡር ሰንጠረዥ» ይባላሉ። ስሙን ያወጣችላቸው የመስኮት ሦስቷ ሠራተኛ ናት። «አይፈቀድም» የሚለውን መርዶ ለባለጉዳይ የምትነግረው እሷ ስለሆነች፣ የእሳቸውን ዓይን ማየት አትወድም ነበር።

ክቡርነታቸው መመሪያውን በኤክሴል ይዘረጋሉ። ኮምፒውተሩ የዓምዶቹን ርዕስ አንብቦ በዓለም ላይ እነማን እንዳሉ ይረዳል። «የእናት ገቢ»፣ «የልጅ ዕድሜ» ከተባለ እናትና ልጅ አሉ፤ ሌላ ፍጡር የለም። የመጨረሻው ረድፍ «ከዚህ ውጭ፦ አይፈቀድም» ይላል። የልደታቸውን ኬክ እንኳ በረድፍና በዓምድ ነው የቆረጡት።

አንድ ቀን ስኳር በሽታ እግሯን ያቆሰላት ሴት የሟች እህቷን ልጅ ይዛ መጣች። ካርዱ ልጅንም እናትንም ያሳክማል። ሠራተኛዋ መዘገበቻት፤ አይፈቀድም።

«ያሳደገቻት እሷ ናት እኮ!» አለች ሠራተኛዋ፣ ክቡርነታቸው ጥግ ድረስ ሄዳ።

«አክስት የሚል ዓምድ የለም።»

«እና ሴትየዋ የለችም?»

«ለሲስተሙ የለችም። አንድ ርዕስ ከነካሁ አርባ ሕግ ይፈርሳል፣ እህቴ። ኮሚቴው ይወስን።»

ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ሁለት ወር አለፈ። ሴትየዋ አራት ጊዜ ተመላለሰች፤ በአራተኛው በምርኩዝ ነበር። ሠራተኛዋም ክቡርነታቸውን በየጊዜው ብትለምናቸው ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ሆነባት።

በአምስተኛው ልጅቷ የመጣችው ከጎረቤት ጋር ነው።

«አክስቷ አረፈች» አለች ጎረቤቷ። «ሐሙስ ቀበርናት። ልጅቷ አሁን እኔ ጋ ናት። እናቷ አይደለሁም፤ እንዲያው ልሞክር ብዬ ነው።»

ሠራተኛዋ መልሱን እያወቀች መዘገበቻት። ተፈቅዷል።

ዓይኗን ማመን አቅቷት ወደ ጥጉ ሮጠች። በሰውየው ኮምፒውተር ላይ «እናት» የሚለው ርዕስ ሁሉ «አሳዳጊ» ሆኗል። መሞከሪያው ረድፍ ላይ «አሳዳጊ፦ አክስት። ውጤት፦ ተፈቅዷል» ይላል።

«መቼ ሠራኸው?»

«ምርኩዟን ካየሁ ጀምሮ ስታገል ቆይቼ ዓርብ ጨረስኩ።» ዓይኑ ደም መስሏል። «ኮሚቴው አያውቅም፤ ከሰማ ያባርረኛል። ሴትየዋ ስትመጣ ቶሎ ሸኚልኝ፣ መቆም አትችልም።»

ስንት ሰው ያረዳች ሴት፣ ይህን አንድ መርዶ መናገር አቃታት።

«እሺ፣ ወንድሜ» አለችው።