ድንጋዩን ላክልኝ!

ምቾት የሰነፍ ሃይማኖት ነው! ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያልኩትም ወገቤ ጤነኛ በነበረበት ዘመን ነው። ወንበር ሲለሰልስ ሰው ያንቀላፋል፣ አልጋ ሲለሰልስ ሥራ ይቀራል፣ መኪና ሲለሰልስ ደግሞ… ቆይ፣ ወደ እሱ ልመጣ ነው።

በዚያን ጊዜ «ቦንጋ ውስጥ ስፖርት መኪና ያለው ማነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሕፃን አዋቂው የእኔን ቤት ያሳያችሁ ነበር። ቀይ ናት፣ ባለ ሁለት በር ናት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው። «ስፖርት መኪና ለቦንጋ ምን ያደርጋል?» ትሉኝ ይሆናል። ክራቫትስ ምን ያደርጋል? ዞን ቢሮ የምንሠራው ሁላችንም አስረን እንውል የለም እንዴ!

መኪናዬ አንድ ጉድለት ነበረባት። ኩርባ ላይ ዘንበል ትላለች። የጂማን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከኩርባ ወጥተህ ኩርባ ነው። የእኔይቱም በየኩርባው እንደ ጨዋ ልጅ እጅ እየነሳች ነበር የምታልፈው። አንገት ደፊ አገር አጥፊ! ታዲያ አንድ ቀን እጄ በገባ የፈረንጅ መጽሔት ላይ መድኃኒቱን አገኘሁት፤ ጠንካራ ሞላ፣ ንዝረት የሚውጥ ጠንካራ አሞርዛተር። እነዚህ ከተገጠሙላት መኪና ኩርባ ላይ ዘንበል አትልም፣ ቀጥ ብላ መሬት ቆንጥጣ ትዞራለች ይላል። ፎቶው ላይ ያለው መንገድ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ እኔ የወረቀቱ ጥራት መስሎኝ አለፍኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ደግሞ ሞኝም ነኝ፣ ወረቀትም ይዣለሁ!

ጊዜውም ይገፋፋ ነበር። ቢሮአችን «መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ» ላይ ስለነበር ያልተቀየረ ነገር ሁሉ በግምገማ ያስጠይቃል። ጠረጴዛው ተቀይሯል፤ የክፍሎቹ ስም ተቀይሯል፤ እኔ ራሴ ከ«ባለሙያ»ነት ወደ «ኦፊሰር»ነት ተቀይሬአለሁ፤ ያልተቀየረው ሥራው ብቻ ነበር። ታዲያ መኪናዬ ከማን አንሳ ነው በድሮው ሞላ የምትሄደው? አዲስ አበባ ላለ የመለዋወጫ ነጋዴ ደወልኩለት።

«ወንድሜ፣ ሦስት ዓይነት አለ» አለኝ። «የፋብሪካው ቅቤ ነው። መካከለኛው እንጨት ነው። የውድድሩ ድንጋይ ነው። የቱን ልላክልህ?»

«ድንጋዩን ላክልኝ!»

«ትወዳደራለህ እንዴ?»

«ኧረ ወደ ሥራ ነው የምሄድባት።»

«መንገዳችሁ አስፋልት ነው?»

«ሊሆን ነው!»

«ውይ… ሊሆን ነው?»

«ዕቅድ ውስጥ ገብቷል እኮ ነው የምልህ!»

ስልኩን ስዘጋ አከራዬ እትዬ ጽጌ በር ላይ ቆመው በሐዘን ያዩኛል። ለካ «ሞላ ደክሟል፤ አውጥቼ እጥለውና ጠንካራ አስገባለሁ» ስል ሰምተውኝ ኖሯል። «ምነው ልጄ? ሞላ ምን በደለህ? የልጆች አባት ነው እኮ!» አሉኝ። መካኒኬም ስሙ ሞላ መሆኑን ረስቼው! የመኪናዋ ሞላ እንጂ ሰውየው አለመሆኑን አስረድቼ እስክጨርስ ምሳ ሰዓት አለፈ።

ሞላ ሞላውን ገጠመ። ደስታውን አትጠይቁኝ፤ እሱም በዕድሜው እንዲህ ያለ ዕቃ ነክቶ አያውቅም። የመኪናዋን አፍንጫ በሁለት እጁ ይጫንና «ንቅንቅ የለም!» እያለ ሠፈሩን ይጠራል። እውነትም ንቅንቅ የለም። ስነዳት የቦንጋን ኮብልስቶን አንድ በአንድ ተዋወቅኋቸው። ሬዲዮኑ በራሱ ጊዜ ከጣቢያ ጣቢያ ይዘላል። ምላሴን ነከስኩ። ግን ኩርባው ላይ… እናንተዬ፣ ቀጥ! ጥርሴን ነክሼ «ይሄ ነው መኪና!» አልኩ። ጥርሴን የነከስኩት በኩራት አልነበረም፤ ካልነከስኩት ስለሚንኳኳ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። አስቴር የምትባል የደካ ከተማ ልጅ አለች፤ ቦንጋ ታስተምራለች። ተዋድደናል፣ ተስማምተናል፤ የቀረን አባቷ ናቸው። ጋሽ አድማሱ በጌሻ ወረዳ ሽማግሌ በማመላለስ የታወቁ ሰው ናቸው። «እናስብበት» ይላሉ፤ ቀጠሮ ይሰጣሉ፤ በቀጠሮው ቀን ሌላ ቀጠሮ ይሰጣሉ። ይባስ ብሎ በሚቀጥለው እሑድ ከጂማ ሌላ ሰው ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን አስቴር በእንባ ነገረችኝ። እንግዲህ የእኔዎቹ ቀድመው ሄደው በአንድ ጉዞ «እሺ» ካላስባሉ አለቀልኝ።

ሽማግሌ መረጥኩ። አንደኛው የአባቴ ወዳጅ ጋሽ ገብሬ ናቸው፤ የማንኪራ ቀበሌ ንብ አርቢ። ሁለተኛው ባለ ሱቁ ሐጂ ሸሪፍ፤ ሦስተኛው ወንጌላዊ ዮሐንስ።

«በአውቶቡስ ይምጡ» አለችኝ አስቴር።

«ሽማግሌዎቼ? በአውቶቡስ? ከቀይ ስፖርት መኪና ሲወርዱ አባትሽ ማየት አለባቸው!»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ጋሽ ገብሬን ከፊት አስቀመጥኳቸው፤ ሁለቱን እንደ ጋቢ አጣጥፌ ከኋላ ከተትኳቸው። ከተማው ሲያልቅ ኮሮኮንቹ ተቀበለን። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ «ማርያም ማርያም!» አሉ ጋሽ ገብሬ። «ያ አላህ!» አሉ ሐጂ። «ኢየሱስ ጌታ ነው!» አሉ ወንጌላዊው። ስለ ሃይማኖት መቻቻል በየስብሰባው ስንት አበል በልቼ ሰምቻለሁ፤ በዓይኔ ያየሁት ግን የዚያን ዕለት መኪናዬ ውስጥ ነው። ለአንድ ጉድጓድ ሦስት ጸሎት!

«ልጄ፣ ይቺ መኪና ሞላ የላትም እንዴ?» አሉ ሐጂ።

«አላት እንጂ ሐጂ! የውድድር ነው!»

«ከማን ጋር ነው የምንወዳደረው?»

ጋሽ ገብሬ በካፊኖኖ ቋንቋ አንድ ነገር አሉ። ትርጉሙን አውቀዋለሁ፤ ይህን የምጽፍበት ጋዜጣ ግን አያትመውም።

ግማሽ መንገድ ላይ ሦስቱም ዝም አሉ። እኔ ስለ ሽምግልናው የሚያስቡ መሰለኝ። «ኩርባው ላይ ግን አያችሁ? ዘንበል አላለችም!» አልኩ።

ደካ ስንደርስ ሲወርዱ ማየት ነበረባችሁ። ጋሽ አድማሱም እንደተመኘሁት በር ላይ ሆነው አዩ። ሐጂ በሩን ይዘው፣ ወንጌላዊው ሐጂን ይዘው፣ ጋሽ ገብሬ ወገባቸውን ይዘው… ወረዱ። እኔ በወጉ መሠረት አልገባሁም፤ መኪናዬ አጠገብ ቀረሁ። እግሬ ይንቀጠቀጣል፤ ከፍርሃቱ ይሁን ከሞላው እንጃ። የቤቱን ነገር የነገረችኝ መጋረጃ ኋላ ሆና ስታዳምጥ የነበረችው አስቴር ናት።

«ኑ፣ ቁጭ በሉ እንጂ» አሉ ጋሽ አድማሱ።

«አንቀመጥም!» አሉ ሦስቱም በአንድ ድምፅ።

ይሄማ ወግ ነው። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ጉዳያቸውን በቁማቸው አስረዱ። ጋሽ አድማሱ ጺማቸውን እየነካኩ እንደ ልማዳቸው «መልካም፤ ሰምተናል፤ እንግዲህ እናስብበትና ቀጠሮ እንሰጣችኋለን። አሁን አረፍ በሉና እህል ቅመሱ» አሉ።

እዚህ ላይ ወጉ ያልቃል። የተላከ ሽማግሌ ሁሉ እዚህ ላይ ይቀመጣል።

«ግድ የለም፣ ቆመን ይሻለናል» አሉ ጋሽ ገብሬ።

«ኧረ ነውር ነው!»

«አንችልም!» አሉ ወንጌላዊው፤ ድምፃቸው ተሰበረ።

ጋሽ አድማሱ የሐጂን ትከሻ ይዘው በግድ ወደ ወንበሩ ዝቅ ሊያደርጓቸው ሞከሩ። ሐጂ ገና ወንበሩን ነካ ሲያደርጉ «ወላሂ አልቀመጥም!» ብለው ብድግ አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

የአስቴር እናት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እንዴት ያለ ልጅ ቢሆን ነው፣ ትላልቅ ሰዎች እንዲህ የቆሙለት!» አሉ። ጋሽ አድማሱም የሦስቱን ፊት ተራ በተራ አዩ። የላብ፣ የሥቃይ፣ የእምቢታ ፊት።

«እኔ ስንት ሽማግሌ ሸኝቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እንዲህ ያለ ግን አልገጠመኝም። በቃ! ቀጠሮም አያስፈልግ፤ ልጄን ሰጥቻለሁ!»

እልልታው እኔ ዘንድ ደረሰ። መኪናዬን አቅፌ ሳምኳት።

«አሁንማ ተቀመጡ!» አሉ ጋሽ አድማሱ።

ሦስቱ ተያዩ። «ደስታም ሲበዛ አያስቀምጥም» አሉ ወንጌላዊው። ምሳቸውንም በቁማቸው በሉ። ሲመለሱ ኮረሪማ በጫነ አይሱዙ ላይ፣ በጆንያ አናት ላይ ተዘርግተው ነው ቦንጋ የገቡት። እኔ ባዶ መኪና እየነዳሁ ከኋላ ተከተልኳቸው፤ እጅ ባውለበልብም አላዩኝም።

ተጋባን። ጋሽ አድማሱ ያቺን ቀን በየለቅሶ ቤቱና በየሠርግ ቤቱ ሲያወሩ ከረሙ። ይግረማችሁ ብሎ የአስቴርን ታናሽ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎችን ለእጅ መንሻ ከያዙት ማር ጋር መልሰዋቸዋል። ጥፋታቸው ምን መሰላችሁ? ተቀመጡ ሲባሉ መቀመጣቸው! «የቦንጋዎቹ እኮ ወላሂ ብለው ነው የቆሙት!» ብለው አሳፈሯቸው አሉ። እኔም ዝም። የአማቴን እምነት የምነካ ምን ዓይነት አማች ነኝ?

ባለፈው ጋሽ አድማሱ ልጃቸውን ለመጠየቅ ወደ ቦንጋ ሊመጡ ሆነ። አውቶቡሱ ተበላሽቷል። «ያቺ ቀይ መኪናህ አለች አይደል?» አሉኝ በስልክ። ሄጄ አመጣኋቸው። መጀመሪያ አካባቢ ስለ ሰብሉ ይነግሩኝ ነበር፤ ከዚያ ዝም አሉ። ኩርባዎቹ ላይ ግን ንቅንቅ አላልንም።

ቤት ስንገባ አስቴር ሮጣ መጣች። ጉልበታቸውን ሳመች፣ ቆዳ የለበሰውን በርጩማ አቀረበች፣ ትራስ ደረበችበት።

«አባዬ፣ ይቀመጡ እንጂ!»

ጋሽ አድማሱ ወገባቸውን ይዘው በርጩማውን አዩት። በመስኮት መኪናዋን አዩዋት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ለካ!» አሉ።