ኮቱ ሚስት ሲጠይቅ

ባለፈው እሑድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መንበሩ ሕልም አየ። ያየውም በሰው ቤት ሶፋ ላይ ነው፤ ያውም ገና ባልሆኑ አማቹ ቤት! ጉድ እኮ ነው።

ምን ያድርግ? ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ሊያገባት የሚፈልጋት ፍሬሰላም፣ «አባዬ የድሮ ሰው ነው፤ ጂንስ የለበሰ ወንድ አይወድም» ካለችው ቀን ጀምሮ ሰልባጅ ተራ ሲያስስ ከረመ። አባትየው እምቢ ካሉ ነገሩ እዚያው አበቃ። ሳፋሪ ለብሶ አወለቀ፤ ባርኔጣ ደፍቶ ወረወረ። በመጨረሻ የሟች አባቱን የስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት ሙሉ ልብስ ከሳጥን አወጣ፤ ኮሌታው ሰፊ፣ የሱሪው እግር ቀሚስ የሚያክል። መስታወት ፊት ቆመና «ይኼ ነው እኔ!» አለ። ወዲያው ደግሞ፣ «እኔ ነኝ ወይስ አባቴ?» የሚል ነገር ልቡን ይበላው ጀመር።

እሑድ ለምሳ ሲመጣ ፍሬሰላም፣ «አባዬ እየለበሰ ነው፤ አረፍ በል» ብላው ወደ ጓዳ ገባች። ሰውየው ለብሰው የማይጨርሱ ሆኑ። ሶፋው ደግሞ ለስላሳ ነበር።

በሕልሙ መንበሩ ኮቱን አልለበሰም፤ ኮቱ ነበር መንበሩን ለብሶ የሚሄደው። መንገዱን የሞሉት ልብሶች ናቸው። ካፖርቶች ሰው ለብሰው ይንጎራደዳሉ፤ ሰልባጅ ተራ ደግሞ ሰዎች በመስቀያ ተሰቅለው ነፋስ ያወዛውዛቸዋል። አንዲት ሹራብ አንድ ወፍራም ሰውዬ አወረደችና ብብቱን አሽትታ፣ «ታጥቧል?» ብላ ጠየቀች።

መስቀለኛው ላይ ፍየል ትራፊክ ፊሽካ ነፋችባቸው። ኮሌታውን ቆንጠር አድርጋ አላመጠች።

«ስልሳ አራት። እውነተኛ ሱፍ» አለች። ቀጥላ የመንበሩን ጆሮ ላሰች። «ይኼኛው ግን ጣዕም የለውም። አንተ፣ ስታይልህ ምንድን ነው?»

«እየፈለግኩ ነው።»

«እየፈለገ ነው!» ብላ ጮኸች። መንገደኛው ልብስ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። መንበሩ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ኮቱ ተናዶ ወደ ልብስ ሰፊ ወሰደው። ልብስ ሰፊው ራሱ ሸሚዝ ነበር፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ የመንበሩን ገላ በጠመኔ ያሰምር ጀመር።

«ትከሻው ላይ ጨመር አድርግልኝ፤ የአባቱን ያህል» አለ ኮቱ። «አንገቱንም አሳጥረው።»

«ኧረ በእናትህ፣ ሰው ነኝ!»

«አውቃለሁ ጌታዬ፤ ልክ የማይሆን ሰው ሁሌም እንዲህ ይላል» አለ ሸሚዙና ክሩን በምራቁ አርጥቦ መርፌው ውስጥ አስገባ።

መርፌው ሳይነካው መንበሩ ራሱን እነፍሬሰላም ሳሎን አገኘው። ሽማግሌዎቹ ምንጣፉ ላይ ተደርድረዋል፤ ጫማዎቻቸው ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። ጫማዎቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የማን ልጅ ነህ?»

መንበሩ ሊመልስ ቢል አፉ በሦስት ቁልፍ ተቆልፏል። ኮቱ መለሰለት። የድሮ ጭፈራ፣ የድሮ ወግ እያመጣ አሳቃቸው፣ አስለቀሳቸው። ከዚያ እጅ ነሣና፣ «ልጃችሁን ለእኔ ስጡኝ» አለ።

ለእኔ! መንበሩን ቅናት አንገበገበው፤ ያውም በገዛ ኮቱ። ቁልፎቹን ታገለ፣ ታገለና አንዱን በጠሰው።

«ፍሬዬ፣ እኔ ነኝ!»

ፍሬሰላም ጠጋ ብላ አየች። «ኮቱስ ጨዋ ነው» አለች። «ውስጡ ያለው ግን ማን ነው?»

«ገበር ነው» አሉ ጫማዎቹ በአንድ ድምፅ። «ይውጣለት!»

ሸሚዙ መቀስ ይዞ ከተፍ አለ። «ከየት ልጀምር?»

«ከስሙ» አለ ኮቱ።

«መንበሩ ነኝ! እኔ መንበሩ ነኝ!»

«ሰማን ልጄ፤ መንበሩ ነህ» አለው አንድ ድምፅ።

ዓይኑን ገለጠ። ለሃጩ በኮሌታው ላይ ወርዷል። ፍሬሰላም በሩ ላይ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። ፊት ለፊቱ ደግሞ አባቷ ጋሽ ሀብተየስ፣ የሰባ ዓመት ሰው፣ ጉልበቱ የተቀደደ፣ እግራቸው ላይ የተጣበቀ ጂንስ ለብሰው፣ ነጭ ስኒከር አጥልቀው ቆመዋል። የመንበሩን ልብስ ከኮሌታው እስከ ሱሪው ጫፍ አዩና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንቺ፣ የዘመኑ ልጅ ነው፤ የድሮ ልብስ ካየ ይሸሻል አላልሽኝም?»

መንበሩ በድንጋጤ ዘሎ ተነሣና ቦታውን ለቀቀላቸው። ጋሽ ሀብተየስ ሊቀመጡ ሞከሩ፤ ጂንሱ እምቢ አለ። ደግመው ሞከሩ። ከዚያ የሶፋውን ክንድ እንደያዙ ወደ መንበሩ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ ልጃቸው እንዳትሰማ፣

«ልጄ» አሉት፣ «እናንተ በዚህ ነገር እንዴት ነው የምትቀመጡት?»