የመቅደስ የቤት ሥራ

ኮምፒዩተር አዋቂ ነው ብሎ ማን እንደነገራችሁ አላውቅም። እኔ እንደሰማሁት ከሆነ እንደሱ ያለ ደንቆሮ አልተፈጠረም። «ሻይ አፍላ» ብትሉት ባዶ ማንቆርቆሪያ እሳት ላይ ይጥዳል። ውሃ ጨምር፣ ከዚያ ጣድ፣ እስኪፈላ ጠብቅ፣ ሲፈላ አውርድ እያላችሁ አንድ በአንድ ልትዘረዝሩለት ይገባል። ይህን ዝርዝር ተማሪዎች አልጎሪዝም ይሉታል። ሠላሳ ስምንት ዓመት በሰው አገር የሰው መጻሕፍት አቧራ ስጠርግ የተረፈኝ ማንበብ ብቻ ነውና፣ ይህን ስሰማ በማሽኑ ሳቅሁበት። አንባቢ ሰው ብልህ ነው የሚሏችሁንም አትመኑ።

መሐል ሜዳ ከተማ የገባሁት ሐሙስ ዕለት ነው፤ ታላቅ እህቴን አስካለን ለማየት። ከአውቶቡስ የተቀበለችኝ ልጇ በላይነሽ «እማዬ ፀበል ገብታለች፤ ሱባኤዋን ሳትጨርስ አትወጣም» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ «ጆሮዋ ደክሟል፣ አይሰማትም» እያለች ሌላ ወሬ ታወራኝ የነበረችውም እሷው ናት። አመንኩ። የወንጀል ልብ ወለድ ሲሰጡኝ ገዳዩን ገና በሦስተኛው ምዕራፍ የምለይ ሴት፣ አመንኩ!

ሁለት ቀን ሲያበሉኝ ከረሙ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ጭጋጉ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ሳለ፣ የበላይነሽን ልጅ መቅደስን ደብተሯ ላይ ተደፍታ አገኘኋት። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤታቸው ኮምፒዩተሩ ጥቂት፣ መብራቱም እንደፈቀደው የሚመጣ ስለሆነ መምህሩ «ማሽኑን ከመንካታችሁ በፊት በወረቀት አቅዱ» ይላቸዋል።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«ከሦስት ቁጥሮች ትልቁን መፈለግ ነው እማማ። መጀመሪያ አንደኛውን ትልቅ ነው ብለው ይይዛሉ። ሁለተኛው ከበለጠው እሱን ይይዛሉ። ከዚያ ሦስተኛውን ያያሉ።»

«ሦስቱም እኩል ከሆኑስ?»

«ኧረ እርስዎስ ከመምህራችን ይብሳሉ!»

ሳቀች። ገጹን ልገልጥ ስል ግን እጇን ጣል አደረገችበት። «እሱን ይተዉት፣ አላለቀም።»

ዕድሜዋን ስታነብ ለኖረች አሮጊት እንዲህ ይባላል? ገለጥኩት።

ጥያቄው «ከቤታችሁ ልማድ አንዱን ምረጡና ደረጃ በደረጃ ጻፉ» ይላል። መቅደስ የመረጠችው መርዶን ነው። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ብላለች፦ አንድ፣ ዘመዱ የሞተበት ሰው ሩቅ አገር ከሆነ አትንገረው፤ እስኪመጣ ድረስ «ጆሮዋ ደክሟል» በል። ሁለት፣ ሲመጣ «ፀበል ገብታለች» በል። ሦስት፣ የመንገድ ድካሙ እስኪወጣለት አብላው። አራት፣ ልቡ እስኪጠና ጠብቅ። አምስት፣ ሽማግሌ ጥራና ጎህ ሲቀድ ንገረው።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው ንባብ አያስፈልግም ነበር።

«መቅደስ፣ ስንተኛው ላይ ነን?»

ቀና ብላ አላየችኝም። እርሳሷን መስመሩ ላይ አሳርፋ «አራተኛው ላይ» አለች።

«መቼ ነው?»

«ሁለት ዓመት አልፏል። አያቴ ‹እዚያ ደግፎ የሚይዛት የለም፣ እንዳትነግሯት› ብለው ነው የሞቱት።»

ጮኼ ደረቴን መምታት ነበረብኝ። ነገር ግን በላይነሽ ጓዳ ውስጥ ቅንጬ ታማስላለች፤ ብጮህ ይህች ልጅ ዕድሜ ልኳን «የእናቷን አክስት በደብተር ያረዳች» ስትባል ትኖራለች። እዚህ አገር እንዲህ ያለው ስም አይፋቅም። ደብተሩን ዘግቼ መለስኩላት።

ቅንጬው ቀረበ። በላሁት።

«ይጨምሩ እንጂ እትዬ» አለች በላይነሽ ፊቴን እያየች፤ «ዛሬስ በረታ ብለዋል።»

ጨመርኩ። እንግዲህ ልቤ የጠናው በዚያ ጭልፋ መሆኑ ነው።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡ። አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ገና «የኔ እመቤት፣ መቼስ የሰው ልጅ…» ሲሉ ተነሣሁ። ሌሊቱን እንዴት አስመስዬ እንደማለቅስ ሳስብ ነበር ያደርኩት። ማስመሰል አላስፈለገኝም። ተከትለዋቸው የገቡት ሴቶች ወገቤን ይዘው «እሰይ፣ በደንብ ተረዳች» ተባባሉ። እውነታቸውን ነው፤ አንዲት ደረጃ አልዘለሉም። ማንም ክፉ አልሠራብኝም፤ የምከስሰው ሰው እንኳ ባገኝ ይቀለኝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ መቅደስ ደብተሯን ይዛ መጣች። መምህሩ አራተኛው መስመር ሥር በቀይ «ልብ መጥናቱ በምን ይታወቃል? ማሽኑ እዚህ ላይ ሲጠብቅ ይኖራል» ብሎ ጽፎበታል።

«ምን ላድርገው እማማ? የሚቆጠር ነገር ይፈልጋል።»

ያነበብኩትን ሁሉ በሐሳቤ አገላበጥኩ። 

«ሰርዢው» አልኳት።

ሰረዘችው። መምህሩ ሙሉ ውጤት ሰጣት።