የአራተኛው ምዕራፍ እጅ

አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ከመሐንዲሱ፣ ከግንበኛውና ከቀራጺው ሌላ የግድ የሚገኝ አንድ ሰው አለ፤ ተቃዋሚው። ያለ እሱ የቆመ ሕንፃ አላየሁም። የእኛ የካቶሊክ ቁምስና ተቃዋሚ ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። በሌሉበት «ሊቀ ተቃውሞ» እንላቸዋለን።

የቁምስናው ኮሚቴ ጸሐፊ ስለሆንኩ ደብዳቤዎቻቸውን የምቀበለው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ስለ ጣሪያው ነበር፤ «ጣሪያ ነው ወይስ ታጥፎ የተረሳ ወረቀት?» ሁለተኛው ስለ ሲሚንቶው ግድግዳ፤ «ልስኑ መቼ ነው የሚያልቀው?» መሐንዲሱ ግድግዳው ሆን ተብሎ ሳይለሰን እንደተተወ አስረዳቸው።

«ሆን ተብሎ!» አሉ። «እኔ ሆን ብዬ በር ሳልልግ ባስረክብ ኖሮ እታሰር ነበር።»

መስኮቶቹ ላይ ቅዱሳን የሉም፤ ሰማያዊና ቢጫ መስታወት ብቻ ነው። ፀሐይ ስትገባ የፊተኛው ረድፍ በሙሉ የወፍ በሽታ የያዘው ይመስላል ብለው ጻፉ። እውነታቸውን ነው፤ ይመስላል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሕንፃውን ዞረው ያስጎበኛሉ፤ መጨረሻ ላይ እጃቸውን ያራግፉና «እኔ የለሁበትም!» ይላሉ።

ዋናው ጦርነታቸው ግን ከፍኖተ መስቀሉ ጋር ነበር። ጌታ ከፍርድ እስከ መቃብር የሄደበትን መንገድ የሚያሳዩ ዐሥራ አራት የነሐስ ሰሌዳዎች ቀኙን ግድግዳ ይዘው ተሰቅለዋል፤ እያንዳንዱ ሰሌዳ አንድ ምዕራፍ ነው። ቀራጺዋ ፊት አልሠራችም፤ እጅ ብቻ። የሚታጠብ እጅ፣ እንጨት የጨበጠ እጅ፤ እናቱ በምታገኘው በአራተኛው ምዕራፍ ደግሞ የተዘረጋ የሴት እጅ። ሁሉም ከምእመናን እጅ ላይ በጀሶ የተወሰዱ ናቸው። ሰው ጸሎቱን ትቶ የጎረቤቱን እጅ እንዳይፈልግ፣ የማን እንደሆኑ ላትናገር ቃል ገብታለች።

«እጅ ብቻ! የጌታ ፊት የት ገባ? ሥጋ ቤት ነው እንዴ?»

ይህን በስድስት ዓመት ዐሥራ አንድ ጊዜ ጻፉ። በመሃል ባለቤታቸው ሞቱ፤ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከቀብሩ በሳምንቱ የሚቀጥለው ደብዳቤ ደረሰኝ። «ሐዘን እንኳ አልበገራቸውም» ብለን ሳቅን። ዛሬ ያን ሳቅ ሳስበው አፍራለሁ።

ከዚያ ወዲህ አራተኛው ሰሌዳ ሥር መቀመጥ ጀመሩ። ለምን ብለን ስንጠይቅ «ስህተቱ ከዚህ በደንብ ይታያል» አሉ።

በመጨረሻ ኮሚቴው ደከመው። አንድ ለጋስ ቤተሰብ በሰሌዳዎቹ ፋንታ ፊት ያላቸው ሥዕሎች አሠርቶ ለመስጠት ሲጠይቅ ተስማማን። ደስ ይላቸዋል ብዬ ሮጬ ነገርኳቸው። «መቼ?» ብቻ አሉ።

ሐሙስ ጠዋት ሰሌዳዎቹን የሚያወርደው በያጅ መጣ። ብሎኖቹ አልፈታ ስላሉት ከሰሌዳዎቹ ጠርዝ ጋር በመቁረጫ ቆረጣቸው። ሦስት ሰሌዳዎች ወረዱ። መሰላሉን ወደ አራተኛው ሲያዞር ሊቀ ተቃውሞ ከሥሩ ተቀምጠዋል።

«አባቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ።»

«አልልም።»

«ፍንጣሪው ያቃጥልዎታል።»

«ያቃጥለኝ።»

በያጁ እኔን ጠራኝ። «ጋሼ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ይውረድ ይውረድ ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አልኳቸው።

«ነኝ።»

ተነሡ። መሰላሉን ሁለት ደረጃ ወጡና የነሐሱን ሌባ ጣት በአውራ ጣታቸው ነኩት። ጫፉ ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለ ነው።

«የስፌት መኪና መርፌ አልፎባት ነው» አሉ። «በተጋባን ዓመት።»

በያጁ መቁረጫውን አጠፋ።

«ሳትነግረኝ ሄዳ ነው እጇን ጀሶ ውስጥ የከተተችው። ማታ ጥፍሯ ሥር ነጭ ነገር አየሁና ጮህኩባት። ‹ሲሰቀል አይተህ ትወደዋለህ› አለችኝ። አልወደድኩትም አልኳት። እስክትሞት ድረስ አልወደድኩትም አልኳት።»

«ከዚያ በኋላስ፣ ጋሼ?»

«ከዚያ በኋላማ ቃሌን ለማን ብዬ ልመልስ?»

በያጁ ማንም ሳያዘው መሰላሉን አጠፈ።

ሥራው እዚያው ላይ ቆመ። የተቆረጡትን መመለስ ስላልተቻለ ግድግዳችን ዛሬ ሦስት ሥዕልና ዐሥራ አንድ ሰሌዳ ነው። መሐንዲሱ መጥቶ አየና ወጥቶ መኪናው ውስጥ ብዙ ቆየ።

ዓርብ ዓርብ ፍኖተ መስቀል ስንጸልይ ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ አብረን እንሄዳለን። ወደ አምስተኛው ስናልፍ ሊቀ ተቃውሞ ከአራተኛው ጋር ይቀራሉ። ጸሎቱን የሚመሩት ቆሞሱ አይጠሯቸውም። እኔም ወደ ኋላ ላለማየት እሞክራለሁ፤ አይሆንልኝም።

ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ ደረሰኝ። «ክቡር ጸሐፊ፣ አዲሶቹ ሦስት ሥዕሎች ፊት በዝቶባቸዋል፤ ይውረዱልን» ይላል።

ከፊርማቸው ሥር እኔም ፈረምኩ።